በየትኛው ዓምድ

ጋል ላይ ቲኬት ያጣ ግንቡን ይወጣዋል፣
ሜዳው ከበታቹ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።
ደች የካበው ድንጋይ በቀትር መቀመጫ ይጠብሳል፣
ከጀርባ ባሕሩ አለቱን ልሶ ይመለሳል።

ሦስት ነን በአንድ ጃንጥላ፤ ጂናዳሳ ጡረተኛው፣
ሠላሳ ዓመት በባቡር ላይ ቲኬት ሲበሳ የኖረው፤
ሩዋይዝ፣ የከበረ ድንጋይ በጨርቅ ቋጥሮ የሚዞር፣
እውነተኛውን ከብርጭቆ በምላሱ የሚመረምር፤
እኔም ነሊካ፣ መምህርቷ፣ ደብተሬን በጉልበቴ ዘርግቼ፣
ኳስ በተወረወረ ቁጥር አንዲት ነጥብ አስገብቼ።
ማንም አላዘዘኝም። ልማድ ነው።

ቴስቱ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ስድስት ዊኬት ወድቆብናል።
የእንግዶቹ አምበል ዞር ዞር አለና ኳሷን ለአንድ ልጅ ሰጥቷል።
ለሩቺራ።
ግንቡ ላይ የነበረው ጫጫታ እንደ ክር ተበጠሰ።
ልጁ ጥቁሩን ቆብ አውልቆ ለዳኛው ሰጠ፣ መዳፉን በአቧራ አበሰ።

ከዓሣ ተራው ጀርባ ተወልዶ፣ እዚሁ አሸዋ ላይ ድሆ፣
በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ አክስቱ፣ ወደ ዌሊንግተን ሄዶ፣
ዛሬ የኒውዚላንድን ልብስ ለብሶ
መጣ፣ በገዛ ነፋሳችን ሊያሽከረክርብን ተመልሶ።
(በክፍሌ ብርቱካን ሲያሽከረክር ስንቴ በሩን አሳይቼዋለሁ፤
አንዱንማ ቀምቼ በልቼዋለሁ።)

"አይገባውም!" አለ ጂናዳሳ። "ሕግ አለ፣ የተጻፈ!
ወይ እዚያ መወለድ፣ ወይ ፓስፖርት፣ ወይ ሦስት ዓመት ያለፈ፣
ሳይቆራረጥ፣ እዚያው ውሎ፣ እዚያው አድሮ።
ይሄ ግን ስምንት ወር እንግሊዝ ከረመ፣ ለደመወዝ ተቀጥሮ።
አውሮፕላን ላይ ያደረው ሌሊትስ? ለየትኛው አገር ይቆጠራል?"
"ለአየር መንገዱ" አለ ሩዋይዝ። "እሱም ቡድን ካለው ያሰልፈዋል።"

ጂናዳሳ አልሳቀም። ሩዋይዝ ቋጠሮውን ፈታ፤
ሰማያዊ ጠጠር ወጣች፣ ከባቄላ ያነሰች።
"ይህች ከራትናፑራ ጭቃ ወጣች፣ ባንኮክ ተሞረደች፣
ነገ በአንዲት ጣሊያናዊት ጣት ላይ ታበራለች።
የማን ናት እንግዲህ?"
"ድንጋይ እናት የለውም።"
ሦስታችንም ወደ ዓሣ ተራው ጣሪያ ዞረን ዝም አልን።
እናቱ ከሰኞ ጀምራ በሯን ዘግታለች፤
ራዲዮዋን ግን በመስኮቷ ሥር ስናልፍ ሰማን።

ፖሊሱ ያኔ መጣ፣ ዱላውን በድንጋዩ ላይ እየጎተተ፤
"ቲኬት የሌላችሁ ውረዱ!" አለን፣ ድምፁ እንደ ሰለቸው ሰው የሞተ።
ስንቱን ተማሪ፣ ስንቷን አሮጊት ከባቡር ያወረደው ጂናዳሳ
ጃንጥላውን ጥሎ ብድግ ብሎ ተነሣ።
"እኔን? እዚሁ ነው የተወለድኩት! አባቴም፣ አያቴም እዚሁ!"
ፖሊሱ ትከሻውን ነቀነቀ።
"መወለድ ቲኬት አይሆንም፣ አባባ።"
ሩዋይዝ ሳቁን በመሃረቡ አፈነ።
ጂናዳሳ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም፣ ነፋስ ብቻ ገባ።

ከታች ሩቺራ በአምስት አጫጭር እርምጃ መንደርደር ጀመረ፤
ፖሊሱ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ፣ ትእዛዙ አፉ ላይ ቀረ።
ኳሷ ከፍ ብላ ተንሳፈፈች፣ ስንፍና የያዛት መሰለች፣
መሬት ስትነካ ግን እንደ እባብ ተጠምዝዛ
ከሦስቱ ችካል መካከለኛውን ነቀለች።
ችካሉን ይጠብቅ የነበረው የክፍል ጓደኛው ነው፤
በአንድ ዴስክ ነበር ያስተማርኳቸው።
ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልተሳደበም።
"ወጣ!" አለ ፖሊሱ፣ ሳያስበው።

እርሳሴን አነሣሁ። በእንግዶቹ ዓምድ ሥር፣ ደንቡ እንደሚለው፣
ስሙን ጻፍኩ፤ በኛው ክብ ክብ ፊደል፣
በስም መጥሪያው መዝገብ እጽፈው እንደነበረው።
ጂናዳሳ ጃንጥላውን አነሣ፤ አልዘረጋውም።
"አሁንም አይገባውም" አለ።
ቆየና፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦
"ጣቱን ግን አየሽው?"